አሮጌ ካምፐር፣ ረጅም መንገድ፦ ቤተሰብ ይዞ ከቨርጂኒያ እስከ ግራንድ ካንየን

የ25 እና የ30 ዓመት ካምፐር፣ ማለትም ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው መኪና፣ ልጆችንና ከአገር ቤት የመጡ ወላጆችን ጭኖ አሜሪካን አቋርጦ መመለስ ይችላል። እንዲያውም ለእኛ ዓይነት ቤተሰብ ከአውሮፕላንና ከሆቴል ይሻላል ባይ ነኝ። ጉልበቷን የሚያማት እናት ስንቆም ጋደም የምትልበት አልጋ አለ። ጾም ከሆነ የጾም ምግብ ከራሳችን ምድጃ ይወጣል። ሽንት ቤት ፍለጋ ኤግዚት በኤግዚት መዞር የለም።

አሮጌ መኪና ግን የራሱ ሕግ አለው። በቀን ስንት ማይል እንደሚሄድ፣ በምን ፍጥነት፣ ዳገቱን በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። ይህን የተቀበለ ቤተሰብ በሰላም ይደርሳል። የፈቃድ ቀኑን እየቆጠረ መኪናውን የሚያጣድፍ ደግሞ ኦክላሆማ ሜዳ ላይ ቆሞ ጎታች መኪና ሲጠብቅ ሊውል ይችላል። ገንዘብን በተመለከተም አቋሜ ግልጽ ነው፦ ከመጋረጃ፣ ከፍራሽና ከቴሌቪዥን በፊት ለጎማ፣ ለሞተር ማቀዝቀዣና ለፍሬን ይውጣ።

የምጽፈው በተለይ በፎርድ ኢ-350 ሻሲ ላይ ለተሠሩት፣ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ ላላቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1990ዎቹ ካምፐሮች ነው። ሌላ ዓይነት ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል።

1. መጀመሪያ ካርታውንና ካላንደሩን አስማሙ

ከሰሜን ቨርጂኒያ ቀላሉ መንገድ አይ-66ን ይዞ አይ-81 ላይ መግባት፣ የሸናንዶዋን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ቴነሲ መውረድና ከኖክስቪል በስተምሥራቅ አይ-40ን መያዝ ነው። ከዚያ ወዲያ አይ-40 ብቻውን ናሽቪልን፣ ሜምፊስን፣ ሊትል ሮክን፣ ኦክላሆማ ሲቲን፣ አማሪሎንና አልበከርኪን አሳልፎ አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ ያደርሳችኋል። ርቀቱ ወደ 2,300 ማይል ገደማ ነው። ከዚያ አልፋችሁ ከዊልያምስ ከተማ ወደ ሰሜን ታጥፋችሁ 60 ማይል ያህል ስትነዱ የካንየኑ ደቡብ ጠርዝ ላይ ናችሁ።

በአሮጌ ካምፐር፣ ልጆችና አረጋውያን ይዞ፣ በቀን 300 ማይል በቂ ነው። በዚህ ሂሳብ መሄጃው ብቻ ስምንት ቀን ይወስዳል፤ መመለሻው ሌላ ስምንት። መሃል ላይ የማረፊያና ለጥገና የሚጠፋ ቀን ሲጨመር ከሦስት ሳምንት በላይ ይሆናል። ያላችሁ ፈቃድ ሁለት ሳምንት ብቻ ከሆነ ካንየኑን ለሌላ ዓመት አቆዩትና ግሬት ስሞኪ ተራሮችና ናሽቪል ድረስ ሂዱ። ስሞኪ ከዋሽንግተን አካባቢ 500 ማይል ገደማ ስለሆነ በሁለት ቀን ዘና ብሎ ይደረሳል። ናሽቪል ደግሞ የአገር ሰው፣ ቤተ ክርስቲያንና እንጀራ አይጠፋባትም።

ነዳጁንም አሁኑኑ አስሉት። እንዲህ ያለ ካምፐር በአንድ ጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ይሄዳል። 4,600 ማይል ለ9 ሲካፈል ከ510 ጋሎን በላይ ነው። በወቅቱ ዋጋ አባዙትና የመጣውን ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ ባለበት ተነጋገሩበት።

ማደሪያ ቀድሞ ይያዛል። ካንየኑ ውስጥ ሁለት አማራጭ አለ። ማዘር ካምፕግራውንድ ርካሽና ጥላ ያለው ቢሆንም መብራትና ውሃ መሰኪያ የለውም፤ ከ30 ጫማ የሚረዝም መኪናም አያስገባም። ትሬለር ቪሌጅ መሰኪያ አለው። የማዘር ቦታ ሪክሪዬሽን ዶት ጎቭ በሚባለው ድረ-ገጽ የሚለቀቀው ከስድስት ወር በፊት ስለሆነ የበጋውን (የሰመሩን) ቦታ በክረምት (በዊንተር) ማሰብ ግድ ነው። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁ «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» የሚባለውን ነፃ የመግቢያ ወረቀት አውጡለት። አብሮት በመኪናው ውስጥ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ ያስገባል። 

2. ሁለት ወር ሲቀረው መካኒክ

መካኒክ ጋ ለመሄድ ጉዞው እስኪቃረብ አትጠብቁ። የአሮጌ መኪና ዕቃ ታዝዞ ይመጣል፤ ከተገጠመ በኋላም ቅርብ ቦታ ተነድቶ መፈተን አለበት።

ከሁሉ በፊት ጎማ። ካምፐር ዓመቱን ቆሞ ስለሚከርም ጥርሱ ሳይበላ ጎማው ያረጃል፤ ላዩ አዲስ መስሎ ውስጡ ይደርቃል። ስለዚህ ጥርሱን ሳይሆን ቀኑን እመኑ። የጎማው ጎን ላይ «ዲኦቲ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ረጅም ኮድ አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና የፈረንጅ ዓመት ይናገራሉ፤ 2318 ካለ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሙሉው ኮድ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚታተም፣ በውጪው በኩል ካጣችሁት ካርቶን አንጥፋችሁ ከሥር ግቡና በባትሪ መብራት ፈልጉ። ከሰባት ዓመት ያለፈውን ለዚህ ጉዞ አልነዳበትም፤ አሥር የሞላውን ማንም ሊነዳበት አይገባም። ስኮርታውንም አትርሱ፤ መኪናው ከተሠራ ጀምሮ ያልተነካ ስኮርታ የተሰቀለባቸው ካምፐሮች ብዙ ናቸው።

የኋላው ጥንድ ጎማ ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። የውስጠኛው አየር ሲያንሰው ከውጪ አይታይም፤ ሸክሙ ግን በሙሉ ውጪኛው ላይ ያርፋል፣ ይግልና ይፈነዳል። የውስጡን መንፊያ የሚያረዝም ቱቦ አስገጥሙ። አየሩንም መኪናው ከመነዳቱ በፊት፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ለኩ። ስንት መሆን እንዳለበት ሹፌሩ በር አጠገብ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ቀጥሎ ማቀዝቀዣው። ማኒኮቶዎቹን (የኩላንት ጎማ ቱቦዎቹን) ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት በእጅ ጨምቋቸው። ሲጨመቁ የሚላሉ፣ የሚንኮሻኮሹ ወይም መጋጠሚያቸው ላይ ያበጡ ከሆኑ ሁሉንም አስለውጡ። ቴርሞስታቱም ቺንጊያውም (የሞተሩ ቀበቶ) አብረው ይለወጡ፤ የእጅ ሥራው አንድ ስለሆነ ዋጋው አይበዛም። የውሃ ፖምፓው ከሥሩ የደረቀ የኩላንት ምልክት ካለው ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ኩላንቱ ይፍሰስና አዲስ ይሞላ። ሌላው ብዙ ሰው የማያየው የማቀዝቀዣውን ፋን የሚያሠራው የፋን ክላች ነው፦ ሞተሩ ዳገት ላይ ሲግል ፋኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማጓራት አለበት። ሙቀቱ እየወጣ ፋኑ ዝም ካለ ክላቹ አርፏል።

ፍሬን ላይ ሸራውን ብቻ አይቶ የሚመልስ መካኒክ አይበቃም። የፍሬን ዘይት እየቆየ እርጥበት ይስባል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። አስለውጡት። ከጎማ የተሠሩት የፍሬን ቱቦዎችም በዕድሜ ውስጣቸው ይዘጋና ፍሬኑ ተይዞ እንዲቀር ያደርጋሉ። የካምቢዮ ዘይት ከጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ካለው ራሱን የቻለ ምርመራ ያስፈልገዋል። ያንን ሳይጨርሱ መውጣት አይገባም።

ጣሪያውን ራሳችሁ ውጡና እዩ። ከሹፌሩ በላይ ያለው አልጋ ጥግና የመስኮቶቹ ሥር የዚህ ዓይነት ካምፐር ደካማ ጎን ነው። ከውስጥ በኩል ግድግዳውን በአውራ ጣት ገፋ ገፋ አድርጉ፤ ጠንካራ ከሆነ ደህና፣ ጣት የሚያሰምጥ ከሆነ ውሃ ገብቶ እንጨቱን አበስብሶታል። ትንሽ ስንጥቅ ለካምፐር ጣሪያ በተሠራ ማሸጊያ ይደፈናል። የበሰበሰ ጥግ ግን ለአናጢ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ ያ አልጋ ላይ ልጆች ይተኛሉና።

3. ሸክምና መቀመጫ

የሹፌሩ በር አካባቢ መኪናው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ተጽፏል። ሰውም ዕቃም ጭናችሁ፣ ነዳጅ ሞልታችሁ፣ የከባድ መኪኖች ማደያ ውስጥ ባለው ሚዛን ላይ አስመዝኑ። ውሃ ከባድ ነው፤ አንድ ጋሎን 3.8 ኪሎ ይመዝናል። 30 ጋሎን ሞልቶ መንዳት ከ110 ኪሎ በላይ መጨመር ስለሆነ ለመንገድ ሩቡን ይዛችሁ ማደሪያችሁ ስትደርሱ ሙሉት።

የልጆች መቀመጫ ላይ ድርድር የለም። የሕፃን ወንበር የሚታሰረው ፊቱን ወደ ፊት ባዞረ፣ የራሱ ቀበቶ ባለው መቀመጫ ላይ ነው። የጎን ሶፋና ጀርባውን ለሹፌሩ የሰጠው የጠረጴዛ ወንበር አይሆኑም። መኪናው እየሄደ አልጋ ላይ መተኛት፣ ቆሞ ቡና ማፍላት፣ ሽንት ቤት መግባት አይቻልም። አያቶች «እኔ ምን አለኝ፣ ጥግ ላይ ጋደም ልበል» ማለታቸው አይቀርም። በአክብሮት፣ ግን ሳያመነቱ፦ «እማዬ፣ እስክንቆም ቀበቶሽን እሰሪ፤ ስንቆም አልጋው ያንቺ ነው።»

4. ቤቱን እንደ ቤት ፈትሹ

የምድጃው ጋዝ (ፕሮፔን) ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ጠቋሚው ታች የተገጠመው ለዚህ ነው። የጋዝም የካርቦን ሞኖክሳይድም ጠቋሚዎች ዕድሜያቸው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያህል ነው። ነቅላችሁ ጀርባቸው ላይ የታተመውን ቀን አንብቡ፤ ያለፈበትን ለውጡ። ነዳጅ ስትቀዱ ፍሪጁና ጋዙ ይጠፋ። ከባልቲሞር በኩል የምትመጡ ደግሞ ጋዝ የያዘ ካምፐር በውሃ ሥር ባሉት ዋሻዎች እንዲያልፍ እንደማይፈቀድ እወቁና በአይ-695 ምዕራባዊ ክፍል ዙሩ።

እዚህ ላይ ልመናዬን ስሙኝ፦ ከሰል ካምፐር ውስጥ አይግባ። በዝናብም፣ በብርድም፣ መስኮቱ ተከፍቶም ቢሆን። በአገራችን ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች የደረሰባቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ካምፐር ደግሞ ከየትኛውም ክፍል የጠበበ ነው። ቡናው ውጭ፣ የካምፑ ጠረጴዛ ላይ፣ በጋዝ ምድጃ ይቆላ፣ ይፈላ። ምዕራቡ አካባቢ በጋ ላይ በድርቅ ምክንያት እሳትና ከሰል ብዙ ጊዜ ይከለከላል። ማጥፊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል፤ የዕለቱን ማስታወቂያ ካምፑ መግቢያ ላይ አንብቡ።

የካምፐሩ ፍሪጅ በጋዝም በመብራትም የሚሠራው ዓይነት ከሆነ መኪናው ቀጥ ብሎ ካልቆመ አያቀዘቅዝም። ከመውጣታችሁ አንድ ቀን አስቀድማችሁ አብሩት፤ ስጋ የሚገባበት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። መብራት ላይ 30 አምፒር መሰኪያ የሚሰጠው 3,600 ዋት ብቻ ነው። ኤሲው፣ ማይክሮዌቩና የኤሌክትሪክ ምጣዱ አብረው ከበሩ ማከፋፈያው መብራቱን ይቆርጣል። ተራ በተራ ተጠቀሙ።

5. ስንቅ

በዚህ ማንም አይቀድመንም። አባቶቻችን ወራት የተጓዙበት በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ፍሪጅ አይፈልጉም፤ ለካምፐር የተፈጠሩ ናቸው። እንጀራውን ለሁለት ለሦስት ቀን የሚበቃውን ብቻ ያዙ፤ መኪናው በፀሐይ ሲግል ቶሎ ይሻግታል። ቀሪውን ድርቆሽ አድርጉት። ቁሌቱን ቤት ሠርታችሁ በትንንሽ ከረጢት አቀዝቅዛችሁ ጫኑ። ሽንኩርት በመንገድ ላይ ማቁላላት ውሃም ጋዝም ጊዜም ይጨርሳል፤ ሽታውም ፍራሹን አይለቅም። ሽሮ ግን በአሥር ደቂቃ ይደርሳል።

ጉዞው ነሐሴ ላይ ከዋለ ፍልሰታ ይገባል፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ያሉትን 15 ቀናት ለሚጾሙ ምስር ክክና ሱፍ ይጫን። የካንየኑ ጠርዝ ከፍታ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ማለት ይቻላል። ቨርጂኒያ የለመደ ሰው ምስሩ አልበስል ቢለው አይገረም፤ የአዲስ አበባን ሰዓት ይስጠው።

ስሞኪ ተራሮች ላይ ድብ አለ። ድስት፣ የቅቤ ዕቃ፣ የሕፃን ወተት እንኳ ውጭ አይደር።

6. የመንገድ ቀን

ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት መሆኑ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ማደሪያችሁ ደርሳችሁ ሞተሩን አጥፉ። በዚህ ዓይነት ከባዱን ሙቀትም የምሽቱን ጨለማም ታመልጣላችሁ፤ ብልሽት ቢመጣም ጋራዥ ክፍት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከ60 ማይል በላይ አትንዱ። በቀኝ መስመር ቀስ ብሎ የሚሄድን ካምፐር ማንም ያልፈዋል፤ ይለፈው።

በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ። ሹፌሩ ሲወርድ ወደ ሱቅ ከመግባቱ በፊት መኪናውን አንድ ዙር ይዙር። እጁን ወደ እያንዳንዱ የጎማ ቸርኬ፣ ሳይነካ፣ ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን ያመዛዝን። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ተይዟል ወይም ኩሽኔታው እየሄደ ነው፤ ያኔውኑ ይታይ። ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር፣ የተከፈተ በር፣ ያልታጠፈ ደረጃ ካለም በዚሁ ዙር ይገኛል። የመኪናውን ቁመት በጫማ ለክታችሁ መሪው ፊት ለጥፉት። የነዳጅ ማደያ ጣሪያና የሬስቶራንት መስኮት ሥር ከመግባታችሁ በፊት ዓይናችሁ እዚያ ይረፍ።

ዳገት ላይ የኦቨርድራይቭ ቁልፉን አጥፉ፤ ካምቢዮው ማርሽ ፍለጋ እንዳይዋዥቅ። ቁልቁለት ላይም ያው ነው፦ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬን ላይ እግር ጥሎ አይወረድም። የሙቀት ጠቋሚው ከተለመደው ቦታ ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱ። ይህ የሞተሩን ሙቀት ወደ እናንተ ይስበዋል፤ ላብ ያስጠምቃል፣ ሞተር ግን ያድናል። ካልወረደ ዳር ይዛችሁ አጥፉና ጠብቁ። የራዲያተሩ ክዳን በትኩሱ በፍጹም አይከፈት።

በቴክሳስ ሰሜናዊ ሜዳ፣ አማሪሎ ዙሪያ፣ የጎን ነፋሱ ረጅም ካምፐርን ከመስመር ይገፋል፤ ፍጥነት መቀነስ ነው መፍትሔው። ኦክላሆማ ከኤፕሪል እስከ ጁን የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ስልካችሁ ላይ ይከፈት። ካምፐር በአውሎ ነፋስ ጊዜ መጠለያ አይሆንም፤ ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ ግቡ።

ትርፍ ቺንጊያ፣ ማኒኮቶ፣ ፊውዝ፣ ዘይትና ኩላንት ይዛችሁ ውጡ፤ ክሪኩም የካምፐሩን ክብደት የሚችል ይሁን። የጎታች አገልግሎት ውላችሁንም ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። ለቤት መኪና የሚሰጠው ተራ ውል ብዙ ጊዜ ካምፐርን አይሸፍንም፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ መንገድ ላይ ተቁሞ ነው።

7. ፍሳሽ

የሽንት ቤቱ ታንክና የመታጠቢያው ታንክ የተለያዩ ናቸው። የሽንት ቤቱ መክፈቻ ካምፕ ውስጥ ተሰክቶም ቢሆን ተዘግቶ ይቆይ፤ ካልሆነ ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ይቀራል። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ማስወገጃው ቦታ ሂዱ፣ ጓንት አድርጉ፣ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የመታጠቢያውን ልቀቁ። ሁለተኛው ቱቦውን ያጥባል። ሥራውን ለአንድ ሰው ብቻ አትጫኑ፤ የደረሱ ልጆች ተራ ይግቡ።

8. ከካንየኑ ወደ ዘመድ ቤት

ብዙዎቻችን ላስ ቬጋስ ዘመድ አለን፤ ከደቡብ ጠርዝ 280 ማይል ገደማ ነው። መንገዱ ከ2,100 ሜትር ወደ 600 ሜትር ይወርዳል፤ በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሳይነጋ ተነሱና ረፋዱ ላይ ግቡ። ዘመድ «ግቢያችን ሰፊ ነው፣ እዚሁ አቁሙት» ሲል ማቆሙ ጥሩ ነው፤ መኖሪያ ሰፈሩ ካምፐር ማቆም ይፈቅድ እንደሆነ ግን አስጠይቁት። ከቤቱ የሚሳበው የ15 አምፒር መስመር የካምፐሩን ኤሲ በቅጡ አይሸከምም፤ ገመዱ ይግላል። ስለዚህ ላስ ቬጋስ ላይ ካምፐሩ ተቆልፎ ይደር፤ አያቶችና ልጆች ቤት ውስጥ ይተኙ። ለመመለሻው ጎማውን ለክታችሁ፣ ዘይቱን አይታችሁ፣ በቀዝቃዛው ጠዋት ዳገቱን ጀምሩ።